አራተኛው ችካል

አክስት ኬውማ ሐብሐብ ስትገዛ ማየት ለላምፓንግ ገበያ ሰዎች ነፃ ቲያትር ነበር። መጀመሪያ በጣቷ ኳ ኳ ታደርገዋለች። ከዚያ ጆሮዋን ትለጥፍበታለች። ቀጥላ ገልብጣ እትብቱን ታየዋለች። በመጨረሻ ሐብሐቡን ትታ ሻጩን ዓይን ዓይኑን ታያለች። ሻጩ ዓይኑን ከሰበረ፣ ሐብሐቡ የቱንም ያህል ቢያምር ጥላው ትሄዳለች።

"አክስቴ፣ ልትገዢው ነው ወይስ ልትድሪው?" ይሏታል።

"ልድረው ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልቸኩልም ነበር" ትላለች።

እውነቷን ነው። የእህቷ ልጅ ልታገባ ስትል የሙሽራውን ፀጉር አስተካካይ፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ ሞተር ብስክሌቱን የሚያሠራበትን ጋራዥ ሳይቀር አዳርሳ ነበር። የጥርስ ሐኪሙ "ስነቅልለት አላለቀሰም፤ ሒሳቡንም አልተከራከረም" ካላት በኋላ ነው ልጅቷን "እሺ፣ አግቢው" ያለቻት።

ሥራዋ የሩዝ ብስኩት ነው። የበሰለውን ሙጫማ ሩዝ በሐብሐብ ጭማቂ ታሸዋለች፤ በቀርከሃ ቀለበት ክብ ክብ እያደረገች ሰፌድ ላይ ትደረድረዋለች፤ ፀሐይ ላይ አስጥታ ሲደርቅ በፈላ ዘይት ትጠብሰውና የዘንባባ ስኳር በቀጭኑ ታንጠባጥብበታለች። ሩዙም፣ ዘይቱም፣ ስኳሩም ገበያ ላይ ይገኛል። የማይገኘው ፀሐዩ ነው።

ዕድሜዋን ሙሉ ክራይ ቤት ነው የኖረችው። ክፍሎቿ ሁልጊዜ ከሰው ሱቅ ጀርባ ወይም ከሰው ፎቅ ሥር ስለነበሩ ፀሐይ የሚባል አይደርስባቸውም። ስለዚህ ፀሐይ ስትዋስ ኖረች። አንዴ በልብስ ሰፊው ቆርቆሮ ላይ ታሰጣለች፤ አንዴ በቤተ መቅደሱ አጥር ላይ፤ አንዴ ደግሞ የቆመ የጭነት መኪና ጣሪያ ላይ አስጥታ፣ ሾፌሩ ሳያውቅ ሰፌዶቿን እንደተሸከመ ሌላ ከተማ፣ ቺያንግ ማይ ገብቷል። ብስኩቱ እዚያ ሲደርስ ጥሩ አድርጎ ደርቆ ነበር ይባላል፤ የተመለሰላት ግን ባዶው ሰፌድ ብቻ ነው።

ጡረታ የወጣችው መምህርት ዋራፖን ቤቷን ሸጣ ራዮንግ ወዳለችው ልጇ ልትሄድ መሆኑ ሲወራ፣ አክስት ኬውማ ሄዳ መጀመሪያ ያየችው ቤቱን ሳይሆን ጓሮውን ነበር። ቤቱ የጥንት የእንጨት ቤት ነው፤ በረጃጅም እግሮች የቆመ፣ ደረጃው ሲረገጥ የሚያቃስት። ከጓሮው ጫፍ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ጥላ የማይደርስበት ረዘም ያለ ቁራጭ መሬት ነበረ። አክስት ኬውማ መሐሉ ላይ ቆማ መዳፏን ዘረጋች። መዳፏ ሞቀ። በልቧ ሰፌዶቿን ደረደረች፤ ሁሉም ገቡ፣ ቦታም ተረፈ። ከዚያ ፊቷን አኮሳትራ ወደ መምህርቷ ዞረችና፣

"ደረጃው ያቃስታል" አለች።

ቀብድ ከከፈለች በኋላ ሐብሐቡ ላይ የምትሠራውን ሁሉ ቤቱ ላይ ሠራችበት። መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳ ካርታው እውነተኛ መሆኑን፣ ከባንክ ዕዳና ከፍርድ ቤት እገዳ ነፃ መሆኑን አረጋገጠች። የመምህርቷ ባል መሞቱን በወረቀት ካየች በኋላ መቃብሩንም ሄዳ አየች። ልጆቹ በሽያጩ መስማማታቸውን ከአፋቸው ሰማች። ኃይለኛ ዝናብ በዘነበ ቀን ጃንጥላዋን ይዛ መጥታ፣ መምህርቷን ከእንቅልፍ ቀስቅሳ፣ ጣሪያው የቱ ጋ እንደሚያፈስ ቁጭ ብላ ጠበቀች።

"የእኔን ተማሪዎች ወላጆቻቸው ራሳቸው እንዲህ አልመረመሯቸውም" አለች መምህርት ዋራፖን።

የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ የድንበር ችካሎቹ። አራቱም በዓይን መታየት አለባቸው፤ አዋሳኙ ጎረቤትም ማየቱን መፈረም አለበት። ይህ የሚደረገው ስም ከሚዛወርበት ቀን በፊት ባለው ጠዋት ነበር። መምህርቷ በማግስቱ ስም አዛውራ ከሰዓት በኋላ ራዮንግ ልትሄድ ሻንጣዋን አስራለች። ቤቱን አፍርሶ የመኪና ማቆሚያ ሊያደርገው የሚፈልግ ሌላ ገዢም በስልክ እየወተወታት ነው።

ፒሲት የሚባል ቀያሽ ከሁለት ሠራተኞች ጋር መጣ። አንገቱ ላይ ቅጭልጭል የሚሉ ክታቦች የደረደረ፣ ትሑት ወጣት ነው። የመጀመሪያውን ችካል መንገድ ዳር አገኙት። ሁለተኛው ሙዞቹ መሐል፣ ሦስተኛው ዶሮ ቤቱ ሥር ነበር፤ ዶሮዋን ለማስነሣት ትንሽ ተደራድረዋል። ለአራተኛው ፒሲት ሜትሩን ይዞ በጓሮው ጫፍ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደና የቆሌው ጎጆ እግር ሥር ሲደርስ ቆመ።

ጎጆዋ የግቢው ጠባቂ ቆሌ ማደሪያ ናት፤ የወፍ ቤት የምታህል፣ በአንድ የሲሚንቶ እግር ላይ የቆመች፣ ጣሪያዋ ወርቅማ ቀለም የተቀባ። በረንዳዋ ላይ የሸክላ ዝሆኖች፣ የጨፋሪ ሴቶች አሻንጉሊቶች፣ የጃስሚን አበባ ጉንጉንና ከነመምጠጫው የተከፈተ ቀይ ለስላሳ ተደርድረዋል። ፒሲት ሜትሩን ለቀቀና ክታቡን ጨበጠ።

"ችካሉ ከዚህ ሥር ነው" አለ በሹክሹክታ።

"ሟቹ ባለቤቴ ነው ያቆመው" አለች መምህርት ዋራፖን። "የቤቱ ጥላ ጎጆው ላይ ማረፍ የለበትም ሲሉት ከግቢው ዳር አደረገው።"

"ዳር ሲሉ፣ መምህርት፣ ልክ ዳሩ ላይ ነው እኮ የተከሉት!"

ሠራተኞቹ ድጅኗቸውን መሬት ላይ አጋድመው ሲጋራ ለኮሱ። አንደኛው "እኔ ልጆች አሉኝ" አለ። ሌላኛው ልጅ ባይኖረውም "እኔም" አለ። የቆሌ ጎጆ በሥርዓቱ ለሚተክልና ለሚያነሣ ባለሙያ ስልክ ተደወለ። ጎጆ ለማንሣት መልካም ቀን የሚውለው በሚቀጥለው ሳምንት መሆኑን ተናገረና ስልኩን ዘጋ።

ይህን ሁሉ ጎረቤቱ አጎት ኢንቻይ ከጎጆው አጠገብ ካለው የቀርከሃ መደቡ ላይ ተቀምጦ፣ ሬዲዮኑን ጎኑ አድርጎ ይከታተል ነበር። በወጣትነቱ የአውቶቡስ ሾፌር የነበረ ቀጭን ሽማግሌ ነው።

"ልፋት ነው" አለ። "ድንበሩ ከጎጆው ወዲህ፣ ወደ ቤቱ ጠጋ ብሎ ነው። ይሄ ፀሐይ የሚመታው ሁሉ የእኔ ነው።"

አክስት ኬውማ ወደ መደቡ ተጠጋች። "ከወዲህ መሆኑን በምን ያውቃሉ?"

"መደቤ ያለው ወዲህ ነው። ሰው መደቡን ከሰው መሬት ላይ ይሠራል?"

"እንግዲያው ጎጆውን እናንሣና ችካሉ ይናገር።"

"ጎጆውን ማንም አይነካም!" አጎት ኢንቻይ ከመደቡ ላይ ዘሎ ተነሣ። "ችካሉን በዓይኔ ሳላይ ደግሞ አልፈርምም።"

"ጎጆው ሳይነሣ እንዴት አድርገው ያዩታል?"

"እሱን እናንተ እወቁት። እኔ ጡረተኛ ነኝ።"

መምህርት ዋራፖን አክስት ኬውማን በክንዷ ይዛ ወደ ደረጃው ወሰደቻት። "እህቴ፣ ዝም ብለሽ ግዢው። ባለ መኪና ማቆሚያው ሰውዬ ስለ ችካል አንድ ቀን አልጠየቀኝም። እስከ ማታ ካልቆረጥሽ ለእሱ መደወሌ ነው።"

አክስት ኬውማ ወደዚያ ቁራጭ መሬት አየች። እሱ ከሌለ ቤቱ ያው እንደ ክራይ ቤቶቿ ነው፤ የሚያቃስት ደረጃ የተጨመረበት። እሱን ይዤ ድንበሩ አይታወቅ ብትል ደግሞ በየቀኑ ሰፌድ ባወጣች ቁጥር ከዚህ ሽማግሌ ጋር መጨቃጨቅ ነው።  የምሳ ሰዓት ስለሆነ ሾርባ ልትበላ ወደ መንገዱ አፍ ወረደች።

እዚያ ማሊዋን የምትባል ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ፓስታ በሾርባ ትሸጣለች። አውራ ዶሮ በተሳለበት ሳህን ጨልፋ አቀረበችላትና አጠገቧ ቁጭ አለች።

"ኢንቻይ ጎጆውን አላስነካም አለ አሉ?"

"ቆሌውን ይፈራል መሰለኝ።"

"እኛ የምንፈራው ስለምናከብረው ነው። እሱ የሚፈራው ስለት ስላለበት ነው!" ማሊዋን ጭኗን መታች። "አልሰማሽም እንዴ? ዓምና ሎተሪ ገዝቶ፣ ቁጥሬ ከወጣ የጥፍር ጭፈራ እጨፍርልሃለሁ ብሎ ተሳለ።"

"የጥፍር ጭፈራ? የሴቶቹን?"

"የሴቶቹን! ከነረጃጅሙ የናስ ጥፍር፣ ከነሽርጡ፣ ከነፀጉር አበባው። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል፤ ሲሳል እንኳ እንደ አውቶቡስ ሾፌር እየጮኸ ነው።"

"ወጣለት?"

"ያ በር የሚያክል ቴሌቪዥን ከየት የመጣ ይመስልሻል? ከዚያ ወዲህ 'ጉልበቴን አመመኝ' ነው። በየቀኑ ቀይ ለስላሳ የሚያቀርብለት በደግነት እንዳይመስልሽ። ወለድ እየከፈለ ነው።"

አክስት ኬውማ ሾርባዋን እስከ ታች ጠጣች። ሳህኑን ስታስቀምጥ ከንፈሯ ላይ ጠዋት ያልነበረ ፈገግታ ነበር።

"ማሊዋን፣ ለበዓል የምትጨፍሪበት ጥፍር የት ነው ያለው?"

ማሊዋን የወጥ ቤት ሽርጧን ፈትታ ድስቱን ከደነች።

አክስት ኬውማ ስትመለስ ሁሉም በየጥላው ተበትነዋል። ቀጥ ብላ ወደ ጎጆዋ ሄዳ ተንበረከከች፣ እጆቿን አጋጠመች፣ ገበያ ውስጥ ብስኩት በምትጠራበት ድምፅ መናገር ጀመረች።

"የግቢው ጌታ፣ ኬውማ እባላለሁ፤ ይሄን ቤት ልገዛ ነው። መሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቄ ዕዳም እገዳም የለበትም ብለውኛል። የቀረኝ እርስዎን መጠየቅ ነው። እርስዎ ዘንድ ስለቱን ያልከፈለ ሰው ይኖር ይሆን? ካለ ዛሬውኑ ይጠይቁት። ነገ ስሜ ከገባ በኋላ ተቆጥተው የእኔን ሰፌድ እንዳይገለብጡ።"

የአጎት ኢንቻይ ሬዲዮ ድምፁ ቀነሰ።

"ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?"

"የመጨረሻ ማጣራት ነው፣ አጎት ኢንቻይ። ገዢ ነኝ፣ መብቴ ነው።"

"ጉልበቴን እኮ አሞኛል!"

"ስለ ጉልበት ማን አነሣ?" አለ ፒሲት ግራ ገብቶት።

ያን ጊዜ ማሊዋን ዘንቢል አንጠልጥላ ገባች። ከዘንቢሉ ውስጥ የወርቅ ጥለት ያለው ሽርጥ፣ የፀጉር አበባና በጨርቅ የተጠቀለሉ ስምንት የናስ ጥፍሮች ወጡ፤ እያንዳንዱ ስንዝር የሚያህል፣ ጫፉ ወደ ላይ የተቆለመመ። አጎት ኢንቻይ ጥፍሮቹን እያየ ተመልሶ ቁጭ አለ።

"ስሙኝ" አለች አክስት ኬውማ። "ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ምንጣፍ እናነጥፋለን፤ ለስላሳውንም እዚያ እናቀርባለን። ጌታው ስለቱ ሲገባለት ወጥቶ ከምንጣፉ ላይ ሆኖ ያያል። ጭፈራ በመስኮት አጮልቆ የሚያይ ጌታ አለ? እሱ እዚያ እስካለ ድረስ ጎጆው ባዶ ነው። ባዶ ጎጆ ማንሣት ደግሞ ዕቃ ማንሣት ነው።"

 ሁሉም ወደ ፒሲት አዩ። ፒሲት ክታቡን እያሻሸ አሰበ።

"መመሪያው ስለዚህ ምንም አይልም" አለ።

"እንግዲያው አልከለከለም።"

"ሬሳዬ ነው የሴት ሽርጥ የሚለብሰው!" አለ አጎት ኢንቻይ።

"እንደሱ አይበሉ፤ ጌታው እየሰማዎት ነው" አለች አክስት ኬውማ፣ ባዘነ ፊት። "ቃል በቃል የሚወስደው ከሆነስ?"

ሽማግሌው ወደ ጎጆው ሰረቅ አድርጎ አየ። ከዚያ ጣቶቹን ለማሊዋን ዘረጋላት።

ሽርጡን ታጠቀ፣ አበባው ከጆሮው በላይ ተሰካለት። ሬዲዮው የከበሮ ዜማ እስኪያገኝ ድረስ አጥሩ በጎረቤት ሞላ። አክስት ኬውማ ራሷ ጌታውን ወደ ምንጣፉ ጋበዘች፤ ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ እጇን ዘርግታ ደግፋ፣ "ቀስ ይበሉ፣ እዚህ ጋ ሣሩ ያዳልጣል" እያለች። ከሠራተኞቹ አንዱ ለሚያልፈው ጌታ መንገድ ለቀቀ።

አጎት ኢንቻይ ጀመረ። የጥፍር ጭፈራ ዝግ ያለ ነው፤ ጉልበት እጥፍ፣ አንጓ ዙር፣ ጣት ልስልስ። እሱ ግን አራተኛ ማርሽ አስገብቶ ተነሣ።

"ቀስ!" ጮኸች ማሊዋን። "ጣቢያ አላመለጠህም!"

በጭፈራው መሐል ሠራተኞቹ ጎጆዋን ከነእግሯ አቅፈው ወዘወዟት። ነቀነቋት፣ ነቀሏት፣ ሣሩ ላይ አቆሟት። ፒሲት ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ጠረገ። ክብ የሲሚንቶ ራስ ብቅ አለ። አፈሩን በመዳፉ አብሶ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ፤ ካርታው ላይ ካለው ጋር አንድ ነበር።

"ተገኘ!"

ገመድ ከሦስተኛው ችካል ወደ አራተኛው ተወጠረ። ፀሐያማው መሬት በሙሉ ከወዲህ፣ በቤቱ በኩል ቀረ። ከእሱ ጋር የአጎት ኢንቻይ መደብ፣ ሬዲዮኑና ከመደቡ ሥር ያወለቀው ነጠላ ጫማም ከወዲህ ቀሩ።

"መደቤ!" አለ ሽማግሌው።

"አያቁሙ!" አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። "ጌታው ገና አልተመለሰም!"

"ጎጆውን መልሱታ!"

ፒሲት ራሱን ነቀነቀ። "እዚያው አይመለስም። ችካል መታየት አለበት። ወይ አንድ እርምጃ ወዲህ፣ ወይ አንድ እርምጃ ወዲያ።"

"ወደ እኔ!" አጎት ኢንቻይ እጆቹን ከራሱ በላይ እያዞረ ጮኸ። "ቁጥር የሚሰጠው ለእኔ ነው!"

"ከቤቱ ጋር ነው የሸጥኩት" አለች መምህርት ዋራፖን። "ውሳኔው የገዢዋ ነው።"

አሁን ሁሉም ወደ አክስት ኬውማ አዩ። እሷ ጉድጓዱን አየች፣ ገመዱን አየች፣ በጣቷ ገመዱን ነካ ነካ አድርጋ መወጠሩን አረጋገጠች። ፈጽሞ አልቸኮለችም። የሽማግሌው ላብ በአገጩ ይንጠባጠባል።

"አጎት ኢንቻይ ደግሞ ከጌታው ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው" አለች በመጨረሻ። "ለእሳቸው ይሁን። እኔ ጊዜው ሲደርስ ባለሙያ ጠርቼ ለራሴ አቆማለሁ። ድንበሩን ማየታቸውን ግን ይፈርሙልኝ።"

"ጎጆውን ይትከሉታ፣ እፈርማለሁ!"

"መጀመሪያ ይፈርሙ።"

"እየጨፈርኩ?"

"ማሊዋን፣ የቀኝ እጃቸውን ጥፍር አውልቂላቸው። ግራው ይቀጥል።"

አጎት ኢንቻይ በግራ እጁ እየጨፈረ በቀኝ እጁ ፈረመ። ፊርማው ከመዋዠቁ የተነሣ ፒሲት ከሥሩ ስሙን በግልጽ ሊጽፍለት ተገደደ። ሠራተኞቹ ከገመዱ ወዲያ ማዶ አዲስ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ እንደ እውነቱ ከሆነ መሬቱ ከሚጠይቀው በላይ ቀስ ብለው ነው የቆፈሩት። ጎጆዋ ቆማ ጌታው በክብር ሲመለስ አጎት ኢንቻይ ሣሩ ላይ ዘፍ ብሎ ለጌታው የቀረበውን ቀይ ለስላሳ ግማሹን ጨለጠ፤ የቀረውን ሲያይ ደንግጦ መልሶ አስቀመጠ።

በማግስቱ መሬት ጽሕፈት ቤት እሱ እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ቢሆንም መጣ። እንደ ሸርጣን ወደ ጎን እየተራመደ፣ በየወንበሩ ጀርባ እየተደገፈ መጥቶ ከአክስት ኬውማ ኋላ ተቀመጠ።

"መደቤን ዛሬ ልታስነሺኝ ነው?"

"እስኪያገግሙ ይቀመጡበት። ሰፌድ ላይ ብቻ እንዳይቀመጡ።"

መምህርት ዋራፖን ፈረመች፣ አክስት ኬውማ ፈረመች። ጸሐፊው ማኅተሙን መታና ካርታውን ስሟ ወደተጻፈበት ጀርባው ገልብጦ ሰጣት። እሷ ስሟን አንብባ የእያንዳንዱን ፊደል አናት በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገች። ካርታውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። ከዚያ ጸሐፊውን ዓይን ዓይኑን አየችው። ጸሐፊው ዓይኑን አልሰበረም።

"ሌላ የሚጣራ የለም?"

"የለም፣ እማማ።"

"የሚፈረምስ?"

"እሱም አልቋል።"

ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ከኋላ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ።

"ታዲያ አሁን ምን ላድርግ?"

"ወደ ቤትዎ ይሂዱ ነዋ!"

ጆሮዋ ደህና ነው፤ በግድግዳ በኩል የሐብሐብ ዋጋ የሚሰማ ጆሮ ነው። እሷ ግን እጇን ከጆሮዋ ኋላ አድርጋ ወደ ጸሐፊው መስኮት ተጠጋች።

"ምን አልከኝ፣ ልጄ? አልሰማሁም።"

"ወደ ቤትዎ!" ብሎ ጮኸ ጸሐፊው። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያቸው።

"እሺ፣ እሺ፤ ምን ያስጮህሃል" አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ተነሣች።